አደጋው ቨርጂኒያ፣ ቤቱ ሜሪላንድ፣ ጠበቃውስ?

የአንገት ድጋፋቸውን አውልቀው ከስኒው አጠገብ አስቀምጠውታል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ ያለች ቡና ቤት ውስጥ ነን፤ የኡበርና የታክሲ ሹፌሮች ከማታው ሩጫ በፊት አረፍ የሚሉበት ሰዓት ነው። ሰውየው ሃምሳን ተሻግረዋል። ስማቸው እንዳይነሳ ስለፈለጉ እኔም «ጋሼ» እያልኩ አልፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሌስበርግ ፓይክ ላይ፣ ቀይ መብራት ይዟቸው ቆመው ሳለ ከኋላ የመጣ ፒክአፕ ገጭቷቸዋል። አንገታቸው ወደ ግራ አይዞርም። መኪናቸው ጋራዥ ነው፤ መኪና ከሌለ ደግሞ ሥራ የለም።

ጠረጴዛውን የከበቡት ወዳጆቻቸው ምክር አልሰሰቱባቸውም።

«የኔን ጠበቃ ያዝ። ለባለቤቴ ወንድም ስልሳ ሺህ ዶላር አስከፍሎለታል።»

«ያ ሰውዬ? እሱ እኮ ስልክ አያነሳም!»

«ሐበሻ ጠበቃ ከያዝክ ጉዳይህ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል።»

«ፈረንጅ ከያዘስ ሕመሙን በምን አፉ ሊያስረዳ ነው?»

ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው ልጅ ከቦርሳው ጠርዙ የተላላጠ ካርድ አወጣ። «ጋሼ፣ ይቺን ይያዙ። ሲደውሉ እኔ እንደላክሁዎ ይንገሯቸው፤ አደራ፣ እንዳይረሱ» አለ። ሌሎቹ ተያዩና ሳቁ። ለምን እንደሳቁ በኋላ እመለስበታለሁ።

ክርክሩ ቡናው ሁለተኛ እስኪቀዳ ቀጠለ። ገንዘቡ ተነሳ፣ ቋንቋው ተነሳ፣ ዘሩ ሳይቀር ተነሳ። አደጋው የት እንደደረሰ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔ ደግሞ ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ከተነሳሁ ወዲህ ባነበብኩትና በሰማሁት ሁሉ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች «ጥሩ ጠበቃ ማን ነው?» ከሚለው በፊት መምጣት ያለበት ጥያቄ ይኸው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እዚህ አካባቢ የሚሠራ ሹፌር በአንድ ቀን ሦስት የሕግ ግዛት ይረግጣል። ማለዳ ሜሪላንድ ተነስቶ፣ ዲሲ ላይ ተሳፋሪ ጭኖ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሬገን ኤርፖርት ሲያራግፍ ቨርጂኒያ ገብቷል። እሱ ልብ አይለውም፤ ፍርድ ቤት ግን ልብ ይለዋል። የሜሪላንድም ሆነ የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ለእንዲህ ያለው ጉዳት የሚሠሩበት ሕግ ጉዳቱ የደረሰበትን ቦታ ሕግ ነው። ጋሼ ሜሪላንድ ቢኖሩም፣ ሰሌዳቸው የሜሪላንድ ቢሆንም፣ የተገጩት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ በመሆኑ ጉዳያቸውን የሚገዛው የቨርጂኒያ ሕግ ነው።

ይህ ቀልድ አይደለም፤ መጀመሪያ የሚለወጠው ይርጋው ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ለአካል ጉዳት ክስ 3 ዓመት ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ የምትሰጠው 2 ብቻ ነው። «አይዞህ፣ ሦስት ዓመት አለህ» ብሎ የሚመክር የሲልቨር ስፕሪንግ ወዳጅ በራሱ ጉዳይ ልክ ነበር፤ በጋሼ ጉዳይ ግን ገደል ይከታቸዋል። የገጨው መኪና የመንግሥት ከሆነ ጊዜው ይብስ ይጠብባል። ዲሲ ላይ የከተማው መኪና የገጨው ሰው በ6 ወር ውስጥ ለከንቲባው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሜሪላንድ ላይ የካውንቲ ወይም የከተማ መስተዳድር ከሆነ ለማስታወቂያው ያለው 1 ዓመት ነው። ክሱ ገና ሳይመሠረት በዚህ የሚወድቅ አለ።

ሁለተኛው የሚለወጠው ራሱ ጠበቃው ነው። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ቨርጂኒያ ያስነዳል፤ የሜሪላንድ የጥብቅና ፈቃድ ግን ፌርፋክስ ፍርድ ቤት አያስቆምም። ብዙዎቹ የአካባቢው ጠበቆች የሁለት ወይም የሦስት ግዛት ፈቃድ አላቸው፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ማስታወቂያው ላይ «ዲኤምቪ» ተብሎ መጻፉ ደግሞ የአካባቢውን ስም እንጂ የጠበቃውን ፈቃድ አይናገርም።

ከሁሉም የከበደው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ሦስቱም ግዛቶች ይስማማሉ።

በ1809 እንግሊዝ አገር፣ ደርቢ በተባለች ከተማ፣ አንድ ሰው ቤቱን ሲያድስ መንገዱን በከፊል በእንጨት ዘግቶት ነበር። ሊመሽ ሲል ሌላ ሰው ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ፈረሱን እየጋለበ መጣና ከእንጨቱ ጋር ተላትሞ ወደቀ፤ ክፉኛም ተጎዳ። ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ፣ መንገድ የዘጋው ሰው ጥፋተኛ ቢሆንም ጋላቢው ተጠንቅቆ ቢሆን ኖሮ እንጨቱን ያየው ነበር ብሎ ባዶ እጁን አሰናበተው። ከዚያ የተወለደው ደንብ አሜሪካ ተሻገረ። ዛሬ አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ትተውት ጥፋቱን በመቶኛ ያካፍላሉ፤ ሃያ በመቶ ያጠፋ ሰው ካሳው በሃያ በመቶ ይቀነስበታል። ደንቡን ያልተዉት አላባማ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ የኛው መንደር መሆናቸውን ልብ ይሏል። በነዚህ ቦታዎች ተጎጂው ለአደጋው አንድ በመቶ አስተዋጽኦ ማድረጉ ከተረጋገጠበት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ዘጠና ዘጠኙን በመቶ ያጠፋው ሰው አንድ ሳንቲም አይከፍለውም።

ሜሪላንድ በ2013 ይህን ደንብ ለመጣል ዕድል አግኝታ ነበር። አንድ ወጣት የእግር ኳስ ልምምድ ላይ ከጎሉ አግዳሚ ተንጠለጠለ፤ ጎሉ መሬት ላይ አልታሰረም ነበርና ተገልብጦ ፊቱን ሰባበረው። ጁሪው የእግር ኳስ ማኅበሩን ቸልተኛ ብሎታል፤ ወጣቱንም እንዲሁ። ስለዚህ ካሳው ዜሮ። የክፍለ ግዛቷ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕጉን መለወጥ የሕግ አውጪው ሥራ ነው ብሎ ደንቡን አጸናው። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ሐረል፣ ዳይኖሰሮች ጠፍተዋል የሚሉ ሊቃውንት ተሳስተዋል፤ አንዱ እስከ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ እየዞረ የተጎጂዎችን አቤቱታ ይበላል የሚል ሐሳብ ያለው አስተያየት አስፍረዋል። የፍርድ ቤት ጽሑፍ አንብቤ ብዙ አልስቅም፤ በዚህ ግን ስቄያለሁ። ዲሲ በበኩሏ በ2016 ባወጣችው ሕግ እግረኞችንና ብስክሌተኞችን ከዳይኖሰሩ አፍ አውጥታለች፤ ጥፋታቸው ከግማሽ ካልበለጠ ካሳ ያገኛሉ። መኪና ውስጥ ያለው ሹፌር ግን አሁንም እዚያው ነው።

እንግዲህ የገጪው ኢንሹራንስ ሠራተኛ በማግስቱ ለምን እንደሚደውል ከዚህ ይገባል። የሚፈልገው ያቺን አንድ በመቶ ነው። ድምፁ ትሁት ነው፤ ንግግሩ እንደሚቀዳም ይናገራል። «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ብሎ ይጀምራል። እኛ ደግሞ ወገባችን ተቆርጦ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንል ሰዎች ነን። ጋሼ ከመኪናቸው ሲወርዱ መጀመሪያ ያደረጉት የገጫቸውን ልጅ ማጽናናት ነበር፤ «አይዞህ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩም» አሉት። ፖሊሱ ሲጠይቃቸውም ያንኑ ደገሙ። አምቡላንስ አልጠሩም። ማታ ገላቸውን ታጥበው ተኙ፤ ሲነጋ ከትራሱ ቀና ማለት አቃታቸው። ኢመርጀንሲ የሄዱት በሦስተኛው ቀን ነው። ቸርነታቸውና ጽናታቸው ሁሉ መዝገቡ ላይ የሚነበበው እንደ ጤና ነው።

ለሌላኛው ወገን ኢንሹራንስ የተቀዳ ቃል የመስጠት ግዴታ የለም። ለራስ ኢንሹራንስ ግን አለ፤ ውሉ ተባበር ይላል። ይህን ልዩነት የማያውቁ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶች ጭራሽ ገልብጠው ለራሳቸው ኩባንያ ዝም ብለው ለገጪው ሁሉን ተናግረው ይገኛሉ። ከዚያ የሚላክ ጥቂት መቶ ዶላር ያለበት ቼክ ሊኖር ይችላል፤ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ከተፈረመ ግን ነገሩ አበቃ። የዲስክ ችግሩ ከወር በኋላ በኤምአርአይ ቢታይም የሚከፈት በር የለም።

ወደ ካርዱ ልጅ ልመለስ። የሳቁት «እኔ እንደላክሁዎ» የሚለው ቃል ዋጋ እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ለጠበቃ ደንበኛ እያሳደዱ ማምጣት በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው፤ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም ጠበቃ ላልሆነ ሰው ስለ አሻሻጭነቱ ገንዘብ መክፈልን ይከለክላል። ሆኖም አደጋ በደረሰ በማግስቱ «ከአደጋ መረጃ ማዕከል ነው» እያሉ የሚደውሉ፣ ክሊኒክም ጠበቃም በአንድ ስልክ የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ሳትፈልገው የፈለገህን ጠበቃ ተወው። ደንብ ጥሶ የመጣብህ ሰው ነገ ያንተን ገንዘብ በደንብ ይይዛል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። መጀመሪያ ወደ ካይሮፕራክተር፣ ከዚያ ወደ ጠበቃ የሚወስደው መንገድም ቢሆን ጥያቄ ያስነሳል፤ የኢንሹራንሱ ሰዎች የትኛው ክሊኒክ ከየትኛው ቢሮ ጋር እንደሚሠራ ያውቃሉ፤ ሲያዩትም የሚያቀርቡት ገንዘብ ይወርዳል።

ማስታወቂያስ? እስከ 1977 ድረስ አሜሪካ ውስጥ ጠበቃ ራሱን እንዳያስተዋውቅ ይከለከል ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአሪዞና በመጣ ጉዳይ እገዳውን አነሳው፤ እነሆ ዛሬ በአውቶቡስ ጀርባ፣ በራዲዮ፣ በኛም የግድግዳ ካላንደር ላይ እጁን አጣምሮ የቆመ ጠበቃ የማናይበት ቀን የለም። ማስታወቂያ የሚነግረን የማስታወቂያውን በጀት ነው። አንዳንዱ ትልቅ ቢሮ ጉዳዩን ተቀብሎ ለሌላ ጠበቃ ያሳልፈዋል፤ ደንበኛው አውቆ ከተስማማ ይህ የተፈቀደ ነው። ሳያውቅ ከሆነ ግን አይደለም።

«አማርኛ እንናገራለን» የሚለውን ጽሑፍም እንዲሁ በጥንቃቄ ነው የማየው። አማርኛ የሚናገረው ጠበቃው ነው ወይስ ስልክ የምታነሳው ልጅ? ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ሕመምን በራስ ቋንቋ መናገር መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ «ይወጋኛል»፣ «ያቃጥለኛል»፣ «ይጠዘጥዘኛል» የሚለው ሁሉ «ያመኛል» ብቻ ሆኖ መዝገብ ሲገባ ጉዳቱ ያንሳል። ግን ልጅቷ ሥራ የለቀቀች ዕለት ደንበኛው ከማን ጋር እንደሚነጋገር ከወዲሁ መጠየቅ አለበት። እኔ ብሆን፣ ቨርጂኒያ ፈቃድ ያለውና በየጊዜው ፌርፋክስ ፍርድ ቤት የሚቆም፣ አስተርጓሚ የሚቀጥር ፈረንጅ፣ ፍርድ ቤት ረግጦ ከማያውቅ የአገሬ ልጅ እመርጣለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ከተገኘማ እሰየው። ለዲሲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ግን አስተርጓሚ ፍለጋ መልፋት አይገባም፤ ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ አማርኛም በብዛት ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ፍርድ ቤት መቆሙን ለምን አጠበቅሁት? አብዛኞቹ ጉዳዮች ያለ ችሎት በስምምነት ያልቃሉ። ስምምነቱ የሚተመነው ግን ባይስማሙ ምን ሊመጣ ይችላል በሚለው ነው፤ ኢንሹራንሶቹም የትኛው ጠበቃ ክስ እንደሚመሠርትና የትኛው ሁልጊዜ የተሰጠውን ተቀብሎ እንደሚዘጋ መዝግበው ያውቃሉ። ስለዚህ ወዳጅን «ስንት አስገኘልህ?» ብሎ ከመጠየቅ «ስትደውልለት መልሶ ይደውልልህ ነበር? ክስ መሥርቶ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስልሳ ሺህ ዶላሩ የወንድምየው ስብራት ዋጋ ነው፤ የጠበቃው ችሎታ መለኪያ ሊሆን አይችልም። ፈቃዱን ማጣራት ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፦ የቨርጂኒያና የዲሲ የጠበቆች ማኅበሮች፣ የሜሪላንድም ፍርድ ቤቶች የጠበቆቻቸውን ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል፤ በአደባባይ የተላለፈ የዲሲፕሊን ቅጣትም ይታያል።

ጋሼ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል ወደሚገኝ የጠበቃ ቢሮ ሲሄዱ ከሁለተኛ ልጃቸው ጋር አብሬያቸው ገባሁ። የመጀመሪያው ምክር በነጻ ነው፤ በዚህ ዓይነት ጉዳይ የተለመደ ነው። ረዳቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። «ጋሼ፣ ይቀመጡ፤ ይቺ ወንበር ለጀርባዎ ትሻላለች» አለችና ይዘው የመጡትን ወረቀት ለየች፦ የፖሊስ ሪፖርቱ ቁጥር፣ የመኪናው ፎቶ፣ የሆስፒታሉ መልቀቂያ፣ የኢንሹራንስ ካርዱ። ካርዱን መለሰችላቸው። የፈለገችው የውሉን የመጀመሪያ ገጽ፣ የሽፋኑ መጠን ተዘርዝሮ የሚገኝበትን ነው። ቀጥላ የጠየቀችው ግን ልጅየውን አስደነገጠው፤ «የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት ይኖርዎታል?»

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር ይሰናከላል። ኡበር የሚነዳ ሰው ታክስ ሲሠራ በየማይሉ የሚፈቀደውን ቅናሽ ያነሳል፤ በሕግ የተፈቀደለት ነው፣ ጥሩም ያደርጋል። ነገር ግን በዓመት ስድሳ ሺህ ዶላር ያስገባ ሰው ወረቀቱ ላይ የተጣራ ገቢው ሃያ ሺህ ሆኖ ይገኛል። ሥራ በመፍታቱ የቀረበትን ገቢ ሲጠይቅ የኢንሹራንሱ ጠበቃ የሚያነሳው ያንኑ ሃያ ሺህ ነው። ጥሩ ጠበቃ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል፤ ሌላው «ሁሉንም እናስከፍላለን» ብሎ ያስፈርማል።

ጠበቃው ገብተው የጠየቁት አንድ ጥያቄም ልብ የሚባል ነው፦ አፑ በርቶ ነበር? ተሳፋሪ ተጭኖ ወይም ጥሪ ተቀብሎ በመሄድ ላይ ከነበረ ኩባንያው ለሌሎች ጉዳት የሚይዘው ሽፋን 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። በርቶ ጥሪ እየተጠባበቀ ከነበረ ሽፋኑ በብዙ እጥፍ ይወርዳል፤ የግል ኢንሹራንሱ ደግሞ ለዚህ ተብሎ የተጨመረ ውል ከሌለው በአብዛኛው እጁን ያወጣል። ጋሼ ተገጪ እንጂ ገጪ አይደሉም፤ ቢሆንም የገጫቸው ልጅ ኢንሹራንስ የማይበቃ ከሆነ ወደ ራሳቸው ወገን መዞር ይመጣልና መልሱ ያስፈልጋል።

የማይበቃ መሆኑ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቨርጂኒያ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ አንድ ሹፌር ለአንድ ተጎጂ የሚይዘው ዝቅተኛ ሽፋን 50,000 ዶላር ነው። ሜሪላንድ 30,000፣ ዲሲ 25,000። እስከ 2024 ጁላይ 1 ድረስ ቨርጂኒያ ውስጥ 500 ዶላር ለመንግሥት ከፍሎ ጭራሽ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። የገጨህ ሰው ዝቅተኛውን ብቻ ይዞ ሌላ ሀብት ከሌለው የዓለም ምርጥ ጠበቃ ከባዶ ኪስ አያወጣም። ኢንሹራንስ ስንገዛ ርካሹን ስንፈልግ ዝቅ የምናደርገው «ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ላነሰው ሹፌር» የሚለው መስመር ዋጋው የሚታወቀው ያኔ ነው።

ውሉ ሦስት ገጽ ነበር። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ጠበቃ ከኪስ አያስከፍልም፤ ካስገኘው ላይ ድርሻ ይወስዳል። የተለመደው ክስ ሳይመሠረት ካለቀ አንድ ሦስተኛ፣ ከተመሠረተ በኋላ 40 በመቶ ነው፤ የሕግ ታሪፍ አይደለምና መነጋገር ይቻላል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። ጋሼ እስክሪብቶውን አንስተው ነበር፤ ልጃቸው፣ ነርሲንግ የሚማረው፣ «አባዬ፣ ቆይ» አለና ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ድርሻው የሚሰላው ወጪ ከመቀነሱ በፊት ነው ይላል።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። እንበል ጉዳዩ ክስ ተመሥርቶ በ90,000 ዶላር አለቀ፤ ለሐኪም ምስክር፣ ለመዝገብ ማውጫ፣ ለፍርድ ቤት የወጣው ወጪ 15,000 ነው። ድርሻው ከጠቅላላው ከተሰላ ጠበቃው 36,000 ይወስዳል፤ ወጪው ሲቀነስ ለተጎጂው 39,000 ይቀራል። መጀመሪያ ወጪው ወጥቶ ከቀረው 75,000 ላይ ከተሰላ ግን የጠበቃው 30,000፣ የተጎጂው 45,000 ይሆናል። በአንዲት ሐረግ 6,000 ዶላር። ልጁ ይህን ሁሉ አላሰላም፤ የጠየቀው «ይህ መቀየር ይችላል?» ብሎ ብቻ ነው። ጠበቃው ሳቅ ብለው ሐረጉን ሰረዙ፣ ጎኑ ላይ አዲሱን ጻፉ፣ ሁለቱም ወገኖች ፈረሙበት። ጋሼ በአማርኛ «እንዲህም ይደረጋል?» አሉ፤ ረዳቷም «የሚጠይቅ ሲኖር ይደረጋል» አለቻቸው።

ልጁ ሳይጠይቅ የቀረ አንድ ነገር ነበር፣ እኔ ነኝ ያስታወስኩት፦ ከተሸነፍን ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ድርሻ አለመክፈልና ወጪ አለመክፈል የተለያዩ ናቸው። «ካላሸነፍን አንድ ሳንቲም አይከፍሉም» የሚለው የራዲዮ ቃል የትኛውን እንደሚል ውሉ ላይ መነበብ አለበት።

ሌላም ብዙዎች የማይወዱት እውነት አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ጠበቃ ለደንበኛው የቤት ኪራይ ማበደር አይፈቀድለትም፤ የፍርድ ቤት ወጪ ግን መሸፈን ይችላል። ገንዘብ አበድሬ ጉዳይህን ልያዝ የሚል ከመጣ ደንቡን የማያውቅ ወይም የማያከብር ነው። መኪናቸው ቆሞ ኪራይ የሚጠብቃቸው ሰዎች በዚህ ይከፋሉ፤ አልፈርድባቸውም። ዕቁብና ወዳጅ ዘመድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ ከተገጩት የተለየ፣ ሥራ ላይ የተጎዱት ጉዳይ ሌላ ዓለም ነው፤ ከማኅበረሰባችን በጋራዥ፣ በሆቴልና በኤርፖርት የሚሠራው ብዙ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም። ተቀጣሪ ሥራ ላይ ቢጎዳ አሠሪውን መክሰስ አይችልም፤ በምትኩ ጥፋተኛው ማንም ይሁን የሠራተኞች ካሳ ያገኛል። እዚያ ዳይኖሰሩ አይገባም። ግን ቨርጂኒያ ላይ ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የጠበቃውን ክፍያም የሚያጸድቀው የካሳ ኮሚሽኑ ነው። ያመመው ጋራዥ ሠራተኛ «አለቃዬ እንዳይቀየመኝ» ብሎ ወር ሲያሳልፍ ሰምቻለሁ፤ ኋላ ወገቡ ብቻ ይቀርለታል። የኡበር ሹፌር ደግሞ በተቀጣሪነት ስለማይቆጠር ከዚህ ውጭ ነው።

ጠበቃ ከተያዘ በኋላ ነገሩ ዝም ይላል። ሕክምናው እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ሳያልቅ ዋጋ መጠየቅ ጉዳቱ ሳይታወቅ መሸጥ ነውና። ይህ ዝምታ ወራት ይፈጃል፤ ብዙው ጠብ የሚነሳም በዚህ ጊዜ ነው። ዝም ያለው ጠበቃ ሁሉ ተኝቷል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተጎጂው ሲጠይቅ የጉዳዩን ሁኔታ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ስምምነትንም ያለ ደንበኛው ፈቃድ መቀበል አይችልም፤ የቀረበውን ገንዘብ ሁሉ ማሳወቅ አለበት። ደንበኛው በፈለገ ጊዜ ጠበቃውን ማሰናበት ይችላል፤ የተሰናበተው ለሠራው ያህል ድርሻ ሊጠይቅ ስለሚችል ግን ለውጡ በሁለተኛው ወር ሳይሆን የይርጋው ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ከሆነ ሌላ የሚቀበል ጠበቃ ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄው ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ ቨርጂኒያ ውስጥ በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ማቅረብ ይቻላል፤ እዚያ ጁሪ የለም፣ የሰነድ እንግልቱም ያንሳል፣ በወራት ያልቃል። ከዚያ በላይ ሰርኪት ኮርት ነው፤ ወጪውም ጊዜውም ይረዝማል። የትኛው እንደሚሻል ጠበቃው በቁጥር እንዲያስረዳ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ሲመጣ ቼኩ በቀጥታ ወደ ተጎጂው አይሄድም። ከጠበቃው የራሱ ገንዘብ በተለየ የአደራ ሒሳብ ውስጥ ይገባና ከዚያ ይከፋፈላል፦ የጠበቃው ድርሻ፣ ወጪው፣ ገና ያልተከፈለው የሆስፒታል ዕዳ። ሜዲኬድ ወይም ሜዲኬር የሸፈኑት ሕክምና ካለ የከፈሉትን መልሰው ይጠይቃሉ፤ ይህን ሳያጣሩ ገንዘቡን ተካፍሎ መበተን በኋላ ደብዳቤ ያስከትላል። ክሊኒኮች ብዙ ጊዜ ዕዳቸውን ይቀንሳሉ፤ የሚቀንሱት ግን ሲጠየቁ ነው፤ ጠበቃው ድርሻውን ከሚያገኝባቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ልመና ነው። ክፍፍሉ አንድ በአንድ የተዘረዘረበት ወረቀት ለደንበኛው መሰጠት አለበት፤ በአማርኛ አስነብቦ፣ ከመጀመሪያው ውል ጎን አስቀምጦ፣ መስመር በመስመር ማስተያየት ነው።

ጋሼ ከቢሮው ስንወጣ የጠየቁኝ ስለ ታክስ ነበር፤ የሹፌር ነገር። ለአካል ጉዳት የተከፈለ ካሳ፣ ሥራ በመፍታት ለቀረ ገቢ የተከፈለው ጭምር፣ በፌዴራል ታክስ አይነካም። ከላዩ የተጨመረ ወለድ ወይም ለቅጣት የተፈረደ ገንዘብ ካለ ግን ይታሰብበታል፤ ስለዚህ የክፍፍሉ ወረቀት ታክስ ከሚሠራላቸው ሰው እጅም ሊደርስ ይገባል።